የሕፃናት የልብ ሕመምና የወጣት ተመራማሪ ጎጆ መውጫ



በአገራችን ደጋ ሁለት ወጣቶች ተጋብተው የራሳቸውን ኑሮ ሲጀምሩ ወላጅና ዘመድ ባዶ እጃቸውን አያሰናብታቸውም። አንዱ ጊደር፣ አንዱ ዘር፣ ሌላውም የቤት ዕቃ ይሰጣቸዋል። ይህም ጎጆ መውጫ ይባላል። ጎጆ መውጫ የሚሰጠው ሠርቶ ላሳየ ሰው ሳይሆን ሊሠራ ለተነሣ ሰው ነው፤ ሰጪውም የሚመለከተው የዛሬውን ባዶ ጎተራ ሳይሆን ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚሞላውን ነው። ይህ ጽሑፍ ሕፃናት ከልብ ሕመም ጋር ስለሚወለዱበት ምክንያትና ያንን ምክንያት ስለሚፈልጉ ወጣት ተመራማሪዎች የሚናገር ነው። ለእነርሱም ጎጆ መውጫ የሚያስፈልጋቸው መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

እንዲህ ያለ ሕፃን በሠፈሩ አይቶ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ጡት ሲጠባ ቶሎ ይደክመዋል፤ ግንባሩን ያልበዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ እንደ እኩዮቹም አይፋፋም። ከፍ ሲል ዳገት መውጣት ያቅተውና በመንገድ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያርፋል፤ አንዳንዱም ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይመስላል። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። እናቲቱ ግን ሌሊት ለብቻዋ ሆና «በእርግዝናዬ ጊዜ ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያለች ራሷን ትጠይቃለች።

የሰው ልብ አራት ክፍሎች ያሉት ጡንቻ ነው። የቀኙ ወገን በአካል ውስጥ ዞሮ የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል፤ የግራው ወገን ደግሞ በሳንባ ኦክሲጅን የተቀበለውን ደም ለመላው አካል ያከፋፍላል። ሁለቱን ወገኖች የሚለይ ግድግዳ በመካከላቸው አለ። ልብ መምታት የሚጀምረው ከፅንሰት በኋላ በ22ኛው ቀን ገደማ ሲሆን ዋናው አሠራሩም በ8 ሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል። በልብ መጀመሪያ ምት ጊዜ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግድግዳው ሳይዘጋ ከቀረ፣ ወይም የደሙ መውጫ ከጠበበ፣ ወይም ታላላቆቹ የደም ሥሮች ቦታቸውን ከተለዋወጡ፣ ሕፃኑ ከሕመሙ ጋር ይወለዳል። በዓለም ላይ ከሚወለዱት 1,000 ሕፃናት መካከል 8 ወይም 9 የሚሆኑት እንዲህ ያለ ጉድለት አለባቸው። ከሰው ልጅ የውልደት ጉድለቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይኸው የልብ ጉድለት ነው።

ከጉድለቶቹ አንዱ በተለይ እኛን ደገኞችን የሚመለከት ስለ ሆነ ጥቂት እናብራራው። በማሕፀን ያለ ሕፃን በሳንባው አይተነፍስም፤ ኦክሲጅን የሚያገኘው ከእናቱ በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ነው። ስለዚህ አብዛኛው ደሙ ወደ ሳንባ መሄድ ስለማያስፈልገው ከሳንባው ደም ሥር ወደ ታላቁ የአካል ደም ሥር የሚያሻግር አንድ አጭር ቦይ ተፈጥሮለታል። ሕፃኑ ተወልዶ የመጀመሪያውን ጩኸት ሲያሰማ አየር ወደ ሳንባው ይገባል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክሲጅንም ከፍ ይላል። ይህ ከፍ ማለት ለቦዩ እንደ ትእዛዝ ነው። ገበሬ ማሳው ከጠጣ በኋላ የመስኖውን ቦይ በአፈር እንደሚደፍነው ሁሉ፣ የቦዩ ጡንቻ ተኮማትሮ በጥቂት ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ይዘጋል። ሳይዘጋ የቀረ እንደ ሆነ ግን ደሙ ያለ መጠን ወደ ሳንባ እየተመለሰ ሳንባንም ልብንም ያደክማል።

ተራራችን የሚጠይቀው ጥያቄ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው፤ ስለዚህ በያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። የጉና ራስ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ቦዩን የሚዘጋው ትእዛዝ ኦክሲጅን ከሆነ፣ ኦክሲጅኑ በሳሳበት አገር ትእዛዙም ይደክማል ማለት ነው። በእርግጥም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የፔሩ ሐኪሞች በአንዲስ ተራሮች ላይ ከሚወለዱት ልጆች መካከል ቦዩ ሳይዘጋባቸው የሚቀሩት በቆላ ከሚወለዱት ይልቅ የበዙ መሆናቸውን አስታወቁ። በኋላም በቻይና ቺንግሃይ በተባለው ደጋ የተደረገው ምርመራ ይህንኑ አሳየ።

ይሁን እንጂ የደጋ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች በአምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን መርምረው ውጤቱን በ2002 አሳተሙ። የአንዲስ ሰዎች የኦክሲጅኑን ማነስ ለማካካስ ቀዩ የደማቸው ክፍል ይበዛል። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው የሚይዘው ኦክሲጅን አነስተኛ ሆኖ ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ግን ቀዩ ደማቸው አልበዛም፤ ኦክሲጅኑም ብዙ አልጎደለም፤ በሁለቱም ነገር በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በ2012 የታተሙ ጥናቶችም የኢትዮጵያ ደገኞች ከፍታውን የለመዱበት መንገድ በጂን በኩል ከቲቤቶቹ የተለየ መሆኑን አመለከቱ።

እንግዲህ ከዚህ አንድ ጥያቄ ይወለዳል። የአንዲስን ሕፃን የሚጎዳው የአየር መሳሳት የጋይንትንና የፋርጣን ሕፃን በዚያው መጠን ይጎዳዋልን? ወይስ ከአባት ከእናት የወረስነው አንድ ነገር ቦዩ በጊዜው እንዲዘጋ ይረዳዋል? የሚረዳው ነገር ካለስ ያ ነገር ምንድን ነው? መልሱ ቢገኝ የሚጠቅመው ለእኛ ብቻ አይደለም፤ በአንዲስና በቲቤት ለሚወለደውም ልጅ ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር ደቡብ ጎንደር እጅግ አመቺ ነው። የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጉና ወገብ የሚወጣ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ቋንቋው አንድ ነው፤ በጋብቻም የተሳሰረ ነው። ዋናው ልዩነት ከፍታው ስለ ሆነ፣ በሜዳው የተወለዱትን ሕፃናት በተራራው ከተወለዱት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በጣት ላይ በሚታሰር አነስተኛ መሣሪያ የደማቸው ኦክሲጅን ይለካል፤ በልብ አልትራሳውንድ ቦዩ መዘጋቱ ይታያል፤ ከሕፃኑ፣ ከአባቱና ከእናቱም በፈቃዳቸው ጥቂት ደም ወይም ምራቅ ተወስዶ ጂናቸው ይመረመራል።

ምክንያትን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

«ቀዳዳው ከተገኘ ሐኪም ይዝጋው እንጂ ምክንያቱን መፈለግ ለምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ከራሳችን ቋንቋ ውስጥ እናገኛለን።

ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት ሴት «ሾተላይ አለባት» ስትባል ኖራለች። ሾተላይ የሕፃናትን ነፍስ የሚቀጥፍ ክፉ መንፈስ እንደ ሆነ ይነገር ነበር። ስንቷ ሴት በዚህ ስም ታማለች፤ ስንቷም ከትዳሯ ወጥታለች። በ1940 ካርል ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የተባሉ ሊቃውንት አር ኤች የተባለውን የደም ዓይነት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተገለጠ ሄደ። በእናት ደም ውስጥ ይህ ነገር ሳይኖር በፅንሱ ደም ውስጥ ካለ፣ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የሕፃኑ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። አካሏም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጅበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መንፈስ የተባለው ነገር በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ያለ አንድ ሞለኪውል ሆኖ ተገኘ።

መፍትሔውስ ከማን መጣ? በሊቨርፑል ከተማ በሲሪል ክላርክ መሪነት ይሠራ የነበረ፣ ገና የምርምር ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ ያለ ሮናልድ ፊን የተባለ ወጣት ሐኪም በ1960 አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይኸውም የእናቲቱ አካል የራሱን መከላከያ ከማበጀቱ በፊት የተዘጋጀ መከላከያ በመርፌ ቢሰጣት፣ ወደ እርሷ የገባው የሕፃኑ ደም ተወግዶ ነገሩ በዚያው ይቀራል የሚል ነበር። በኒው ዮርክም ሌሎች ሐኪሞች በዚያው ዘመን ወደዚሁ ሐሳብ ደረሱ። በ1968 መድኃኒቱ ለሕዝብ ቀረበ። ዛሬ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ተከታዩን ልጅ ከዚህ ሞት ያድነዋል። እርግጥ ነው፣ በሾተላይ ስም የተጠራው ሞት ሁሉ አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። ነገር ግን የአንዱ ምክንያት በመታወቁ መድኃኒት ተገኘ፤ እናትም ከሐሜት ነጻ ወጣች።

ስለ ልብ እስካሁን የታወቀው

የሕፃናት ልብ ነገርም በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ግን ገና ሩቅ አልተሄደም። በያንዳንዱ የአካላችን ሕዋስ ውስጥ ጂን ወይም ዘረ መል የሚባሉ የሥራ መመሪያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በፅንስ ጊዜ ልብን የሚሠሩ ሕዋሳትን «አንተ ግድግዳ ሁን፤ አንተ በር ሁን» እያሉ የሚያዝዙ ናቸው። የሞለኪውል ምክንያት የሚባለውም ከእነዚህ ትእዛዞች አንዱ ሲሳሳት የሚደርሰው ነው።

በጠላና በፍራፍሬ ላይ የሚያንዣብበውን ትንሽ ዝንብ ሁላችን እናውቀዋለን። በ1993 ዶክተር ሮልፍ ቦድመር በዚህ ዝንብ ውስጥ አንድ ጂን ሲበላሽ ፅንሱ ልብ ሳያበጅ እንደሚቀር አሳዩ። ጂኑም ልብ ያልነበረውን የአንድ ተረት ሰው ለማስታወስ «የቆርቆሮ ሰው» የሚል ስም ተሰጠው። የዝንብ ልብ ለሰው ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ከ5 ዓመት በኋላ መልሱ ተገኘ፤ በ1998 የዚያ ጂን ዘመድ የሆነ የሰው ጂን ሲበላሽ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ እንደሚያስከትል በተወሰኑ ቤተሰቦች ላይ ታወቀ። በ2003ም ሌላ እንዲሁ ያለ ጂን ተገኘ።

በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከባድ የልብ ሕመም ይዘው የተወለዱ 362 ልጆችን ከአባታቸውና ከእናታቸው ጋር መረመረ። ከእነዚህ ከ10 አንድ ያህል ለሚሆኑት ሕመም አስተዋጽኦ ያደረገው ከአባትም ከእናትም ያልተወረሰ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተፈጠረ የጂን ለውጥ መሆኑን ገመተ። ይህን የምታነብ እናት ልብ ትበል፤ እንዲህ ያለው ለውጥ የማንም ጥፋት አይደለም።

እንዲህም ሆኖ ከታመሙት ሕፃናት በግማሽ ለሚበልጡት ትክክለኛው ምክንያት አልታወቀም። ደግሞም በዓለም ላይ እስካሁን ጂናቸው የተመረመረው ሰዎች በአብዛኛው የኤውሮጳ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የሰው ልጅ የጂን ልዩነት ከሁሉ የበዛው ግን በአፍሪካ ነው። መጽሐፉ ሰፊ ሆኖ ሳለ የተነበበው አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የገንዘቡ ነገር

እዚህ ላይ ወደ ጎጆ መውጫው እንመለስ። ለምርምር የሚሆን ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች አመልካቹን «ከዚህ በፊት ምን ሠርተሃል?» ብለው ይጠይቁታል። ለነባሩ ፕሮፌሰር ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። ገና ትምህርቱን ለጨረሰ ወጣት ግን በሬ እንደሌለው ጎልማሳ መሆን ነው፤ በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ እህል የለም፣ እህል ከሌለም በሬ መግዣ የለም። ስለዚህ በሌሎች አገሮች ለጀማሪዎች ብቻ የተለየ ገንዘብ ይመደባል። ጀማሪው ጥያቄውንና የሥራውን ዕቅድ ጽፎ ያቀርባል፤ በሙያው የበሰሉ ሰዎች መርምረው ይፈርዳሉ፤ የተመረጠውም ለጥቂት ዓመታት ይደገፋል። ገንዘቡም ከሞላ ጎደል በአራት ነገር ላይ ይውላል።

1ኛ/ ለጊዜ ነው። ቀን ሕሙማን ሲያይ ውሎ ማታ ተጨማሪ ሥራ ለኑሮው የሚሠራ ሐኪም የሚመራመርበት ሰዓት የለውም።

2ኛ/ ለመሣሪያና ለኬሚካል ነው። የመጀመሪያውን የሰው ልጅ ሙሉ ጂን ለማንበብ የተደረገው ሥራ በ2003 ሲጠናቀቅ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ዛሬ የአንድን ሰው ማንበብ ከ1,000 ዶላር በታች ሆኗል። ዋጋው ከመንግሥታት አቅም ወደ አንድ ጀማሪ ተመራማሪ አቅም ወርዷል ማለት ነው።

3ኛ/ ለትምህርት ነው። ጂንን ማንበብ ብቻ ሳይሆን የተነበበውን በሒሳብና በኮምፒዩተር መፍታት መማር ያስፈልጋል።

4ኛ/ ለቤተሰቦቹ ነው። ምርመራው ምን እንደ ሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ሊነገራቸው፣ ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፣ ምሥጢራቸውም ሊጠበቅ ይገባል፤ የታመመ ልጅ ከተገኘም ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። የልጁን ደም ወስዶ ልጁን መርሳት ምርምር አይባልም።

ይህ ነገር በአገራችን ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በቀይ አፈር ደጋዎች ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት አንድ ዓይነት ዝሆኔ አለ። ሕመሙ በዘር ሐረግ የሚመላለስ ስለ ሆነ ብዙ ቤተሰብ እንደ እርግማን ተቈጥሮ ጋብቻ ተነፍጎታል። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ፋሲል ተኮላ ዌልካም ትረስት በተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ገንዘብ እየተደገፉ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሕሙማንንና የጤነኞችን ጂን አነጻጸሩ። በ2012 በታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ሰውነትን ከባዕድ ነገር በሚጠብቁት ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት አንዳንዱን ሰው ለአፈሩ ጉዳት እንደሚያጋልጠው አሳዩ። ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ እንደሚከላከለውም የታወቀ ነው። እርግማን የተባለው ነገር በወጣት ኢትዮጵያዊ እጅ ምክንያት ተገኘለት። ከ2010 እስከ 2022 ድረስም የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋማትና ይኸው የእንግሊዝ ድርጅት በአፍሪካ የጂንና የጤና ምርምርን በሰፊው ደግፈዋል። ያ ሥራ ጊዜውን ጨርሷል፤ የሠለጠኑት ሰዎች ግን አሉ።

ሕክምናው ይቅደም የሚሉ

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳንመልስ ማለፍ አይገባንም። «ልጆች ተራ እየጠበቁ ሲሞቱ ገንዘብን ለምርምር ማዋል ደግ ነውን?» ይባላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት በ1989 ማኅበር መሠረቱ። በ2009ም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ሕፃናቱ ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ማዕከሉ የብዙ ልጆችን ሕይወት አድኗል፤ ተራ የሚጠብቁት ግን ዛሬም በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። ከደብረ ታቦር ደግሞ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲሁም በትምህርት ቤት ዕድሜ ያሉትን ልጆቻችንን በብዛት የሚያጠቃው የልብ ሕመም በውልደት የሚመጣው ሳይሆን፣ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣውና በፔኒሲሊን ሊከለከል የሚችለው ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ወይም ከፔኒሲሊኑ ተቀንሶ ለምርምር ይሰጥ አንልም። የምንለው ለምርምር የሚመደበው ገንዘብ ሲከፋፈል ጀማሪው አይረሳ ነው። ሕፃናቱን ለመመርመር የሚገዛው አልትራሳውንድና እርሱን ለመጠቀም የሚሠለጥነው ሐኪም ጥናቱ ካለቀ በኋላም በአገሩ ይቀራሉ፤ ያለ እነርሱ ሳይታወቅ ይሞት የነበረውም ልጅ ይታወቃል። ደግሞም ተራው የሚያጥረው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ሐኪም በማብዛት ነው፣ ሁለተኛው የሚታመመውን በማሳነስ ነው። ሁለተኛውን ያለ ምክንያት ማወቅ አይቻልም።

ማጠቃለያ

ለከተማችን ሰው ጋፋት ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ኤውሮጳውያን ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ሲሞቱ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም እቶን ቀዘቀዘ። መድፉ ዛሬም አለ፤ ሙያውን የሚቀጥል ግን አልተገኘም። ከዚህ የምንማረው ለአንድ ዕቃ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለሰው የሚወጣው እንደሚቆይ ነው። ዛሬ በደብረ ታቦር ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ዩኒቨርሲቲ አለን፤ በጎንደርም በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲ አለ። ቤቱ ተሠርቷል፤ የሚቀረው ለሚገባበት ሰው ጎጆ መውጫ መስጠት ነው።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ሲጠባ የሚደክመው፣ የሚያልበው፣ ከንፈሩም የሚለወጥ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እናቲቱንም አትውቀሱ። መምህራን ሆይ፤ ዳገት ሲወጣ የሚቀመጠውን ተማሪ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ይመረመር ዘንድ ለወላጆቹ ንገሩ። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ባዮሎጂና ሒሳብ ለፈተና ብቻ የተሰጡን አይምሰለን። የጉና ሕፃን ቦይ ለምን ይዘጋል፣ ለምንስ ሳይዘጋ ይቀራል የሚለው ጥያቄ በደጃችን ላይ ያለ ነው። ዛሬ በዚህ መጽሔት ከምናነበው አንዱ ነገ መልሱን ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜም አንዲት የጋይንት እናት «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ መጠየቋን ትተዋለች።